መልስ፦ አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ተጫዋች ልጆች

ሁለቱ ልጆችዎ በየራሳቸው የስቲም (የኮምፒውተር ጨዋታዎች መሸጫና መጫወቻ አገልግሎት) አካውንት እየገቡም የአንዱ ጨዋታ የሌላውን እየደመሰሰ መሆኑን ጽፈዋል። ምክንያቱ ብዙ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ የሚያስቀምጡት በዊንዶውስ ተጠቃሚው ማህደር ውስጥ መሆኑና ልጆችዎ አንድ የዊንዶውስ መግቢያ መጋራታቸው ነው። ስለዚህ በዊንዶውስ ቅንብሮች ለእያንዳንዳቸው የይለፍ ቃል ያለው የየራሳቸውን መግቢያ ይክፈቱላቸው፤ የአስተዳዳሪነቱን ሥልጣን ግን ለራስዎ ያስቀሩ።

ሁሉን ጨዋታ ሁለት ጊዜ መግዛትም አያስፈልግዎትም። የስቲም የቤተሰብ ቡድን እስከ 6 ሰው ይይዛል፤ ለመጋራት ከተፈቀዱት ጨዋታዎች አንዱ የገዛውን ሌላው በራሱ አካውንት ይጫወታል። አጥብቄ የምለምንዎት ግን ይህን ነው፦ ታናሹ በታላቁ ጨዋታ ሲያጭበረብር ቢያዝና ቢታገድ፣ ባለቤቱ ታላቁም ከዚያው ጨዋታ አብሮ ሊታገድ ይችላል። ቡድኑን ከመክፈትዎ በፊት ሁለቱንም አስቀምጠው ይህን ይንገሯቸው።