ቃርሚያ፣ ካፌ ግድግዳ ላይ

ጥያቄ፦ ፒያሳ የማዘወትረው ካፌ ግድግዳ ላይ የሥዕል ቅጂ ተሰቅሏል። ሦስት ሴቶች እርሻ ላይ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር ይለቅማሉ። ማኪያቶዬን ይዤ ሁሌ እሱን አያለሁ፣ ግን ምኑ እንደያዘኝ አላውቅም። ሥዕል እንዴት ነው የሚታየው?
አንባቢያችሁ፣ ከአራዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ያየሽው የፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ «ቃራሚዎቹ» ነው። በ1857 እ.ኤ.አ. የተሣለ ሲሆን ዋናው ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ቃርሚያን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ የሩትን ታሪክ ያልሰማ የለም።

መጀመሪያ ሴቶቹን ተዪና ከኋላቸው ያለውን እዪ። ክምር አለ፣ ጋሪ አለ፣ አጫጆች አሉ፣ በስተቀኝ ደግሞ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ተቆጣጣሪ፤ ያ ሁሉ ጥጋብ ግን ወርቃማ ብርሃን ውስጥ ርቆ፣ ትንሽዬ ሆኖ ነው የተሣለው። ድሆቹ ናቸው ግዙፍ! በጊዜው ብዙ ባለጸጋ ተመልካቾችን ያስከፋውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ ተመለሺ። ሁለቱ መሬት ሊነኩ ጎብጠዋል። ሦስተኛዋ ልትጎነበስ ነው ወይስ ቀና ልትል? አይለይም፣ እኔን ሁሌ የምታቆመኝ እሷ ናት። በሚቀጥለው ስትሄጂ ጠጋ ብለሽ እጃቸውን እዪ፤ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረችው አንድ እጇን ወገቧ ላይ አሳርፋለች።