መልስ፦ ከድሬዳዋ ተነሥቶ በኒዩንግዌ ደን ወፎችን ስለ ማየት

የተከበሩ ጠያቂ፣ በሐምሌ ወር ወደ ሩዋንዳው የኒዩንግዌ ተራራማ ደን ለመሄድ እንዳሰቡ ገልጸው፣ እንደ ኤረር ሸለቆ እዚያም ብዙ ወፍ በአንድ ጠዋት ይታይ እንደሆነ ጠይቀዋል። ወሩን በሚገባ መርጠዋል፤ እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን በዚያ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደረቅ ወቅት ነው። የአፈላለጉ ዘዴ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው የግራር ቁጥቋጦ ወፉ ከሩቅ ይታያል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,950 ሜትር ገደማ በሚዘልቀው በዚያ ጥቅጥቅ ደን ግን አብዛኛው ወፍ በዛፎች አናት ላይ ስለሚውል አስቀድሞ የሚገኘው ድምፁ ነው። ስለዚህ በአልበርቲን ስምጥ ሸለቆ (በምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ቅርንጫፍ) ደጋዎች ብቻ የሚኖረውን የሩዌንዞሪ ቱራኮ የተባለ ወፍ ለማየት ከፈለጉ፣ በእኔ አስተያየት ድምፅ ለይቶ የሚያውቅ አስጎብኚ ከውድ ካሜራ ይበልጣል። ባይኖኩላርዎ 8 በ42 (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ቢሆን ለደኑ ድንግዝግዝ ብርሃን ይስማማል። ከፍታ የማያስፈራዎት ከሆነ፣ በደኑ ውስጥ ኡዊንካ በተባለው ስፍራ ያለው ተንጠልጣይ ድልድይ ከዛፎቹ አናት ጋር ያስተካክልዎታል። በረራው በአዲስ አበባ በኩል ወደ ኪጋሊ ሲሆን፣ ከዚያ ያለው የመኪና መንገድ ግማሽ ቀን ያህል ይወስዳል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ፌስታል ስለከለከለች፣ ልብስዎን እንደ ልማዳችን በፌስታል ጠቅልለው አይሂዱ፤ የጨርቅ ከረጢት ይያዙ።