ስክሪኑ ምን ይል ነበር?

ውድ ጠያቂያችን፦

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀው ለሲስተም ድጋፍ ባለሙያነት ባመለከቱበት ድርጅት የተግባር ፈተና እንደተሰጠዎት ጽፈውልናል። አንድ አፕሊኬሽን በሌላ ማሽን ላይ ከተጫነ የራቢት ኤምኪው የመልእክት ወረፋ ሰርቨር (ፕሮግራሞች የሚላላኩትን መልእክት ተቀብሎ በወረፋ የሚያስተላልፍ) ጋር መገናኘት አቅቶት ነበር፤ እርስዎም ፋየርዎሉን ሲከፍቱ፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ሲያደርጉ፣ ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ሲጭኑ የተፈቀደልዎት አንድ ሰዓት አለቀ። በመጨረሻም ፈታኙ «ችግሩ ጌስት በሚባለው ተጠቃሚ ለመግባት መሞከሩ ነው» አሉዎት። በትምህርት ቤት ፕሮጀክትዎ ላይ ያው ጌስት (ከራቢት ኤምኪው ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ተጠቃሚ) በዶከር፣ ማለትም ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ፣ ያለ እንከን ይሠራልዎት ስለነበር ነገሩ ግራ አጋብቶዎታል፤ ዘርፉን ልተወው ወይ ብለውም ጠይቀዋል።

አይተዉት። ስለ ጌስት አለማወቅዎ የሚያስወቅስ አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው፤ በዚያ አንድ ሰዓት የሠሩትን ሁሉ በዝርዝር ነግረውኛል፣ አፕሊኬሽኑ ያወጣው የስህተት መልእክት ምን እንደሚል ግን በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቦታ አልጻፉም። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ሰርቨር በማስተዳድርባቸው ዓመታት እኔም ሥራ ፈላጊዎችን ፈትኛለሁ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተውም ተፈታኙ እጁን ወደ ኪቦርዱ ከመስደዱ በፊት ያንን መስመር ማንበቡን ነበር።

መስመሩ ብዙ ይናገራልና። ግንኙነቱ ወዲያውኑ «ተቀባይነት አላገኘም» ተብሎ ከተመለሰ፣ ማሽኑ ተገኝቷል፣ በጠየቁት ፖርት (ባለቁጥር የመግቢያ በር) ላይ የሚሰማ አገልግሎት ግን የለም ማለት ነው፤ አገልግሎቱ ቆሞ ይሆናል ወይም የፖርቱ ቁጥር ተሳስቷል። አፕሊኬሽኖች በተለምዶ የሚገቡት በ5672 ነው፤ ምስጠራ ሲኖር በ5671፤ 15672 ደግሞ በብራውዘር የምናየው የአስተዳደር ገጽ ነው። ምንም መልስ ሳይመጣ ቆይቶ «ጊዜው አልፏል» ካለ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ፋየርዎል ወይም የተሳሳተ አድራሻ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ያኔ ነው። ሦስተኛው፣ 403 ከሚል ቁጥር ጋር መግባት መከልከልዎን የሚገልጸው ነው። ይህ ሲመጣ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፤ ሰርቨሩ አነጋግሮዎት ነው የከለከለዎት። ምክንያቱ ጌስት ከነበረ የገጠመዎት ይኸው ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ፋየርዎሉን መንካት ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር።

ራቢት ኤምኪው እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 3.3 እትም ጀምሮ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ ጌስትን የሚያስገባው ሰርቨሩ ካለበት ማሽን ብቻ ነው። ለአፕሊኬሽኑ ምክንያቱን ዘርዝሮ አይነግረውም፤ ዝርዝሩን በሰርቨሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) እንዲያይ ይጠቁመዋል። ሎጉ ሲከፈት ጌስት መገናኘት የሚችለው በሎካልሆስት (ከዚያው ከራሱ ማሽን) ብቻ መሆኑን በአንድ መስመር በግልጽ ይናገራል። በዶከር የሠራልዎት፣ ይፋዊው የዶከር ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ የሚወርደው ጥቅል) ለሙከራ እንዲመች ይህን ገደብ አንስቶ ስለሚመጣ ነው። መፍትሔውም ገደቡን ማንሳት አይደለም፤ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ አፕሊኬሽኑ በሚጠቀምበት ቨርቹዋል ሆስት (በሰርቨሩ ውስጥ ለብቻው የተከለለ ክፍል) ላይ ፈቃድ መስጠት ነው። ፈቃዱን የሚረሱ ብዙዎች ናቸው፤ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ አፕሊኬሽኑ እንደገና ይከለከልባቸዋል።

እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ ሙሉ ምሽት ፋየርዎል ስመረምር አምሽቻለሁ። አፕሊኬሽኑ በኮንቴይነር ውስጥ ነበር፣ የሰርቨሩ አድራሻ ሎካልሆስት ተብሎ ተሞልቶለታል፤ በኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ሎካልሆስት ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ነው። «ተቀባይነት አላገኘም» የሚለው መልስ ወዲያው ወዲያው እየመጣ ነበር፤ ልብ ብዬ ባነበው ኖሮ ፋየርዎሉን አልጠረጥርም ነበር።

እስከሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ድረስ በላፕቶፕዎ ላይ ራቢት ኤምኪውን ይጫኑና ሆን ብለው ያበላሹት። አገልግሎቱን ያቁሙ፤ ፖርቱን ያሳስቱ፤ የሌለ ቨርቹዋል ሆስት ይጥሩ፤ ፈቃዱን ይንሱ። በየጊዜው አፕሊኬሽኑ ምን እንዳለና ሎጉ ምን እንዳለ ጎን ለጎን ይጻፉ። ሥራ የያዘ ፕሮግራም አለመሞቱን የሚያሳውቅበትን፣ የልብ ምት የሚባለውን ምልክት መላክ ሲያቆም ሰርቨሩ ግንኙነቱን እንዴት እንደሚቆርጥም ይዩ፤ የተለመደው ገደብ 60 ሴኮንድ ነው።

በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ስላቃተዎት ችግር ቢጠየቁ ይህንኑ ፈተና ይንገሩ፤ አይደብቁት። መልእክቱ ምን ይል እንደነበር፣ እርስዎ ምን እንደጠረጠሩ፣ በኋላ ላፕቶፕዎ ላይ ደግመው ሲሞክሩት ሎጉ ምን እንዳሳየዎት በቅደም ተከተል ያስረዱ። ያን ማስታወሻም ይዘው ይግቡ።