«ድምፄን ሰጥቻለሁ» ሲሉ የትኛውን ድምፅ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የየስቴቱ ምክር ቤት አባላት ከጃንዋሪ ጀምሮ ስለ ረቂቅ ሕጎችና ስለ ሰጡት ድምፅ ለመራጮቻቸው ደብዳቤ ይልካሉ። በእነዚህ ደብዳቤዎች ዙሪያ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚመለከቱትን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የዲስትሪክታችን ተወካይ ስለ ቤት ኪራይ ያቀረቡት ረቂቅ «ሁለተኛ ንባቡን ከማሻሻያ ጋር አልፏል» ብለው ጽፈውልናል። ሕግ ሆነ ማለት ነው? ከሥሩ ደግሞ ሌላ ረቂቅ 70 ድጋፍና 62 ተቃውሞ አግኝቶ ወደቀ ይላል። 70 ከ62 አይበልጥም ወይ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሕግ አልሆነም፤ ገና መንገድ ላይ ነው። በሜሪላንድ አንድ ረቂቅ በእያንዳንዱ ምክር ቤት፣ ማለትም በታችኛው ምክር ቤትና በሴኔት፣ ሦስት ጊዜ ይነበባል። በመጀመሪያው ንባብ ርዕሱ ተሰምቶ ወደ ኮሚቴ ይመራል፤ ክርክር የለም። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት ሰምቶ ድምፅ ከሰጠበት በኋላ ወደ ጉባኤው ተመልሶ ሁለተኛው ንባብ ይካሄዳል። ማሻሻያዎች በአብዛኛው የሚታዩት እዚህ ላይ ነው። የማጽደቂያው ድምፅ የሚሰጠውና የእያንዳንዱ አባል ስም ከነድምፁ የሚመዘገበው በሦስተኛው ንባብ ነው። ይህንን ካለፈ ረቂቁ ወደ ሌላኛው ምክር ቤት ተሻግሮ ያንኑ ጉዞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሌላኛው ምክር ቤት አንዲት ቃል እንኳ ከለወጠ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ጽሑፍ እስኪስማሙ ድረስ ወደ አገረ ገዥው አይሄድም።

ስለ 70 እና 62፦ የስቴቱ ሕገ መንግሥት በሦስተኛው ንባብ የሚጠይቀው በዕለቱ ከተገኙት ሳይሆን ከጠቅላላው የአባላት ቁጥር ከግማሽ በላይ ድጋፍ ነው። የታችኛው ምክር ቤት 141 አባላት ስላሉት 71 ድምፅ ያስፈልጋል፤ 47 አባላት ላሉት ሴኔት ደግሞ 24። 70 አንድ ድምፅ ጎድሎታል። እዚህ ላይ በደንብ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ በዚህ አሠራር ከአዳራሽ የቀረ ወይም ተገኝቶ ድምፅ ያልሰጠ አባል፣ ለውጤቱ እንደ ተቃወመ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ «ረቂቁን አልተቃወምኩም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ላይ ሲያገኙ የድምፅ መዝገቡን ይክፈቱ። መዝገቡ የደገፉትን፣ የተቃወሙትን፣ ድምፅ ያልሰጡትንና የቀሩትን ለየብቻ በስም ያስቀምጣል። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ የረቂቁን ቁጥር ካስገቡ በታሪኩ ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል። ወዲያው ሥራ ላይ እንዲውል በአስቸኳይ የሚቀርብ ረቂቅ ሲሆን መስፈርቱ ወደ ሦስት አምስተኛ ከፍ ይላል፤ 85 እና 29 ድምፅ ማለት ነው።

«ከማሻሻያ ጋር» የሚለውን ቃልም በዝምታ አይለፉት። ተወካይዎ በጃንዋሪ ያስተዋወቁትና በማርች ያለፈው ረቂቅ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ይዘታቸው ሊለያይ ይችላል። ጽሑፉን ሲከፍቱ በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመረው ነገር በካፒታል ፊደል ተጽፏል፣ ከነባሩ ሕግ የሚወጣው በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ገብቷል፣ በሂደት በማሻሻያ የገባው ከሥሩ ተሰምሮበታል፣ በማሻሻያ የወጣው ደግሞ በላዩ ላይ ተሰርዟል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በካፒታል የተጻፈውን ብቻ አንብቦ ስለሚተው ነው፤ ከነዚያው ካፒታል ፊደላት ላይ የስረዛ መስመር ካለፈ ሐሳቡ ከረቂቁ ወጥቷል። ጊዜ ካጠረዎት ከረቂቁ ጋር የሚወጣውን የበጀትና ፖሊሲ ማብራሪያ ያንብቡ። የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ ባለሙያዎች እንጂ ረቂቁን ያቀረቡት አባል ስላልሆኑ ነባሩ ሕግ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚለወጥና ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ ያለ ሙገሳ ይነግርዎታል።

የጊዜውንም ነገር አይርሱ። ጉባኤው በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀናት ነው የሚቀመጠው። በማርች አጋማሽ አካባቢ ክሮስኦቨር የሚባል ቀን አለ፤ እስከዚያ ከተነሣበት ምክር ቤት ያልወጣ ረቂቅ ሲሻገር መጀመሪያ የሚያርፈው በደንብ ኮሚቴው ስለሆነ የመውጣት ዕድሉ ይቀንሳል። በመጨረሻው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ያልጸደቀ ሁሉ ይወድቃል፤ ወደ ሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። አንድ ዓይነት ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ቁጥር መቅረቡም የተለመደ ነው። የሴኔቱ ቅጂ ወደቀ ሲባል ከመደንገጥዎ በፊት የታችኛው ምክር ቤት ቅጂ የት እንደደረሰ ይዩ፤ ሕግ ለመሆን ከሁለቱ አንዱ በሁለቱም ቤት ማለፉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የደገፍነው ረቂቅ በንዑስ ኮሚቴ «ጠረጴዛ ላይ ቀረ» ተባልን። ማን እንደጣለው ማወቅ ይቻላል? እንደገናስ ይነሣል? — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ በቨርጂኒያ አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ዋናው ጉባኤ ፊት ሳይደርስ ነው። ጠረጴዛ ላይ ማስቀረት ወይም «ላልተወሰነ ጊዜ ማለፍ» በይፋ የሚወሰን ጥሎ የማስቀረት መንገድ ነው፤ ኮሚቴው ራሱ ካላነሣው በስተቀር ለዚያ ዓመት አበቃለት ማለት ነው። «በኮሚቴ ውስጥ ቀረ» የሚለው ግን ከዚህ ይለያል፦ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት የጊዜ ገደቡ አልፎበታል። በመጀመሪያው ዓይነት ድምፅ የሰጡት ሰዎች ስም በምክር ቤቱ የመረጃ ድረ ገጽ ላይ ከረቂቁ ታሪክ ጋር አለ። በሁለተኛው ዓይነት ግን የሚመዘገብ ድምፅ ስለሌለ መጠየቅ ያለባቸው አጀንዳ የሚይዙት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። የእርስዎ ተወካይ የዚያ ኮሚቴ አባል ካልሆኑ «ድምፅ አልሰጡም» ብሎ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም፤ ዕድሉም አልነበራቸውም።

መልሶ መነሣቱ በዓመቱ ይወሰናል። ጉባኤው በሙሉ ቁጥር ዓመታት 60 ቀናት፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት 30 ቀናት ነው፤ ሁለተኛው በተግባር ብዙ ጊዜ ወደ 46 ቀናት ይራዘማል። በሙሉ ቁጥር ዓመት የቀረበን ረቂቅ ኮሚቴው ወደ ቀጣዩ ዓመት ሊያስተላልፈው ይችላል። ደብዳቤው «ተላለፈ» ካለ ረቂቁ በሕይወት አለ፤ «ጠረጴዛ ላይ ቀረ» ካለ በሚቀጥለው ጉባኤ በአዲስ ቁጥር እንደገና መቅረብ አለበት።

በቨርጂኒያ አንድ ተጨማሪ ደረጃም አለ። አገረ ገዥው መፈረም ወይም ቪቶ ማድረግ (ረቂቁን ውድቅ ማድረግ) ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ማሻሻያ ጽፈው ረቂቁን መመለስ ይችላሉ። ምክር ቤቱ ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ በስድስተኛው ረቡዕ ተሰብስቦ በተመለሱት ላይ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ በማርች «አሸነፍን» የሚል ደብዳቤ ቢደርስዎም የኤፕሪሉን ሳያዩ ጉዳዩን አይዝጉ።

ጥያቄ፦ የአሽከርካሪዎችን ክፍያ በሚመለከት በቀረበ ረቂቅ ላይ አስተያየት መስጠት እፈልጋለሁ፤ ግን ዜግነት የለኝም፣ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው። ደግሞ ከቁጥሩ በፊት ያሉት ፊደላት በየሳምንቱ ይለዋወጡብኛል። — ከሲያትል፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ ዜግነት የሚጠየቀው ለምርጫ ድምፅ እንጂ ለኮሚቴ አስተያየት አይደለም። በዋሽንግተን ስቴት ሂሪንግ ለሚባለው የአስተያየት መስሚያ መድረክ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ሲመዘገቡ ሦስት መንገድ አለልዎ፦ በአካል ወይም በቪዲዮ ቀርቦ መናገር፣ በጽሑፍ መላክ፣ ወይም ሳይናገሩ «እደግፋለሁ»፣ «እቃወማለሁ» ወይም «ሌላ» ብሎ አቋምን ማስመዝገብ። ለመናገርና አቋም ለማስመዝገብ ምዝገባው የሚዘጋው መድረኩ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው፤ የጽሑፍ አስተያየት ግን መድረኩ ከተጀመረ በኋላም እስከ 24 ሰዓት ይቀበላሉ። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ ከሆነ አቋም ማስመዝገቡ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። መናገር ከፈለጉ ጊዜው በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ የኮሚቴውን ሠራተኞች ቀኑ ሳይደርስ ይጠይቁ። አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፦ የሚያስገቡት ሁሉ ማንም ሊያየው የሚችል የሕዝብ መዝገብ ይሆናል። የኢሚግሬሽን ሁኔታዎን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን፣ የልጆችዎን ስም አይጻፉ።

ስለ ፊደላቱ፦ «ኤችቢ» ከታችኛው ምክር ቤት፣ «ኤስቢ» ከሴኔት የመጣ ረቂቅ ነው። ከፊቱ «ኤስ» ከተጨመረ ኮሚቴ ረቂቁን በሌላ ጽሑፍ ተክቶታል፤ «2ኤስ» ከሆነ ሁለተኛ ጊዜ ተተክቷል። «ኢ» ሲጨመር ደግሞ በዋናው ጉባኤ ላይ ተሻሽሏል። ስለዚህ ፊደል በተጨመረ ቁጥር አዲሱን ጽሑፍ ይክፈቱ፤ አስተያየትዎ ከረቂቁ በወጣ አንቀጽ ላይ እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ የማኅበራችን አባላት በሙሉ አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክን። የመጣልን «ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን» የሚል መልስ ብቻ ነው። ምን አጠፋን? — ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ አንድ ዓይነት ኢሜይል ይቆጠራል እንጂ ብዙም አይነበብም፤ ይህንን አውቃችሁ ለቁጥር ብትጠቀሙበት ነውር የለውም። እንዲነበብ ከፈለጋችሁ ግን ጥቂት ሰዎች በራሳቸው ቃል ይጻፉ።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሚያጣሩት ጸሐፊው የዲስትሪክቱ ነዋሪ መሆኑን ነው። ሙሉ ስም፣ የመንገድ አድራሻና ዚፕ ኮድ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ኋላ ይቀራል። በርዕሱ ላይ የረቂቁን ቁጥርና «ድጋፍ» ወይም «ተቃውሞ» የሚለውን አቋም ያስቀምጡ። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሚጠይቁትን ይናገሩ፦ በኮሚቴው ድምፅ ይደግፉ፣ ወይም ይህ አንቀጽ እንዲህ ይሻሻል። ቀጥሎ ረቂቁ እርስዎን በቁጥር እንዴት እንደሚነካ ይግለጹ። «ኪራይ ከበደን» ከማለት ይልቅ ባለፈው ዓመት ስንት ይከፍሉ እንደነበር፣ አሁን ስንት እንደሆነ፣ ጭማሪው ከስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ጋር እንደመጣ ቢጽፉ ተወካዩ በክርክር ላይ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። አንድ ኢሜይል፣ አንድ ረቂቅ፤ ሦስት ጉዳይ የተቀላቀለበት ደብዳቤ የት እንደሚመዘገብ ይቸግራቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን መዘግየት ነው። የኮሎራዶ ሕግ እያንዳንዱ ረቂቅ በኮሚቴ ድምፅ እንዲሰጥበት ያስገድዳል፤ ስለዚህ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ የሚወስኑትም ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከኮሚቴው ድምፅ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ለኮሚቴው አባላት የደረሰ አንድ ጥሩ ደብዳቤ፣ ጉባኤው ላይ ከደረሰ በኋላ ለ100ውም የምክር ቤት አባላት ከሚበተነው ይልቅ ሥራ ይሠራል። ከዚያ ለራሳችሁ ተወካይ አንድ ጥያቄ ብቻ አስከትሉ፦ «በሦስተኛው ንባብ ይደግፉታል?» አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ካልመጣ በሳምንቱ ወደ ቢሮው ይደውሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዲሲ ነው። የእኔ የስቴት ተወካይ ማን ናቸው? — ከዋሽንግተን ዲሲ

መልስ፦ ዲሲ ስቴት ስላልሆነች የስቴት ምክር ቤት የላትም። ሕግ የሚያወጣው 13 አባላት ያሉት የከተማው ካውንስል ነው፦ ዋርድ ከሚባሉት የከተማው የምርጫ ክፍሎች አንድ አንድ ሆነው 8፣ በመላ ከተማው የሚመረጡ 4፣ እና ሊቀ መንበሩ። አንድ ረቂቅ በካውንስሉ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ወደ ከንቲባው ይሄዳል፣ ከዚያም ኮንግረስ እንዲገመግመው ይላካል። የግምገማው ጊዜ ለአብዛኛው ሕግ 30፣ ለወንጀል ሕግ 60 ቀን ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው በኮንግረስ የሥራ ቀን ስለሆነ በካላንደር ሲታይ ወራት ይወስዳል። በ2023 የከተማዋ የተሻሻለ የወንጀል ሕግ በኮንግረስ የተሻረው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ «ካውንስሉ አጸደቀ» እና «ሕግ ሆነ» በዲሲ በጣም የተራራቁ ናቸው።

ጥያቄ፦ የግሪን ካርድ ጉዳዬ ስለዘገየ ለስቴት ሴናተራችን ጻፍኩ፤ «አይመለከተንም» አሉኝ። — ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እውነታቸውን ነው፤ ግን ወደ የት እንደሚሄዱ ሊነግሩዎ ይገባ ነበር። ኢሚግሬሽን፣ ፓስፖርት፣ ሶሻል ሴኩሪቲና የፌዴራል ግብር የፌዴራል ጉዳዮች ስለሆኑ በዋሽንግተን ኮንግረስ ለሚወክልዎ አባል ቢሮ ይጻፉ፤ ቢሮው ስለ ጉዳይዎ ለመጠየቅ የሚያስችለው የፈቃድ ቅጽ ያስፈርምዎታል። መንጃ ፈቃድ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ የሙያ ፈቃድና ሜዲኬይድ ሲዘገዩ የስቴት ተወካይዎ ቢሮ ትክክለኛው በር ነው። የቆሻሻ ማንሣትና የትምህርት ቤት ጉዳይ የካውንቲው ነው።

ጥያቄ፦ ተወካያችን «ተፈረመ» ያሉትን ሕግ ይዤ አከራዬን ብጠይቀው «ገና ነው» አለኝ። ማን ልክ ነው? — ከጌተርስበርግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። መፈረምና ሥራ ላይ መዋል ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። እንዲያውም ፊርማ ባይኖርም ሕግ ይሆናል፦ አገረ ገዥው በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ሳይፈርሙም ቪቶ ሳያደርጉም ከቀሩ ረቂቁ ያለ ፊርማ ይጸናል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በረቂቁ የመጨረሻ ክፍል ላይ ተጽፏል። በሜሪላንድ አብዛኛው ኦክቶበር 1 ነው፤ ጁን 1 ወይም ጁላይ 1 የሆኑም አሉ። ከቀኑ አጠገብ ያለውን ዓረፍተ ነገር ጨምረው ያንብቡ፤ ሕጉ ከዚያ ቀን በኋላ በሚፈረሙ ወይም በሚታደሱ የኪራይ ውሎች ላይ ብቻ እንደሚሠራ የሚገልጽ ከሆነ፣ የእርስዎ ውል እስኪታደስ ድረስ በአሮጌው ሕግ ይቆያል።