ራጁ «ምንም የለም» ቢልም፣ እግር ከከበደ አይጠበቅም

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከ5 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ወስዳ ድናለች። ላለፉት 2 ወራት ግን ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ጀርባዋን ያማታል፤ ሌሊት ስትተኛ ይብስባታል። ራጅ ተነስታ «ምንም የለም» ስለተባለች ዲክሎፌናክ እየገዛሁ በየቀኑ እሰጣታለሁ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ደግሞ «እግሬ ከበደኝ» ትላለች። ኤምአርአይ የግድ ያስፈልጋታል? ከአጥንቷ ናሙና ቢወሰድስ ካንሰሩን አያሰራጨውም?

መልስ፦ በጽሑፍ የጠየቁኝ ስለ ኤምአርአይ ነው፤ ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን «ካንሰሩ ተመልሶ ይሆን? ከተመለሰስ እናቴ አበቃላት ማለት ነው?» የሚል ይመስለኛል። መመለስ አለመመለሱን ሳልመረምራቸው ልነግርዎ አልችልም፤ ሆኖም የጡት፣ የፕሮስቴትና የሳንባ ካንሰር ወደ አጥንት ሲሰራጭ አከርካሪ ላይ ማረፍ ስለሚያዘወትር፣ የጡት ካንሰር ደግሞ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል፣ ስጋትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሁለተኛው መልሴ አጭር ነው፤ አላበቃላቸውም። የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ብቻ የተሰራጨባቸው ብዙ ሴቶች በሕክምና እየተረዱ ለዓመታት ይኖራሉ። በሽታው ተጠራርጎ ይጠፋል ብዬ ግን አላታልልዎትም።

«እግሬ ከበደኝ» የሚለውን ቃል እርስዎ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ነገር ጠቀሱት፤ እኔ ግን ደብዳቤውን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ የሚያልፈው በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ባለ ጠባብ ቦይ ውስጥ ነው። ዕጢው ከአጥንቱ ወጥቶ ወደ ቦዩ ሲገባ ወይም የተበላው አጥንት ሲደረመስ ሕብለ ሰረሰሩ ይጨመቃል። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የእግሩን ድካም በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ይቀድማል፤ ተኝተው ሲያርፉ፣ ሲያስሉና ሲያስነጥሱ ይብሳል፤ አንዳንዴም ደረትን ወይም ሆድን እንደ ቀበቶ ዙሪያውን ጭምቅ ያደርጋል። የእግር ድካም ሲጀምር ደግሞ ሽባ አድርጎ አይደለም የሚጀምረው። ነጠላ ጫማ ከእግር ሲወልቅ ባለቤቱ አያውቀውም፤ ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት ሁለት እጅ መደገፍ ያስፈልጋል፤ ደረጃ ሲወጣ የእግር ጣት ጠርዙን ይመታል፤ ወለሉ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስላል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ሽንቴ መጣ ብሎ ገብቶ ለመጀመር ብዙ መቆም፣ ወይም ሳይታወቅ ማምለጥ ይከተላል፤ እዚያ ከተደረሰ በጣም ዘግይቷል።

ይህን ያህል የማስረዝመው ስለ አንድ ነገር ነው፤ እየተራመዱ ሕክምና የጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ መራመዳቸውን ይቀጥላሉ፣ እግራቸው ከተያዘ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ የቆዩት ግን ተመልሰው የሚራመዱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ኤምአርአይ ያስፈልጋል ወይ ብቻ ሳይሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መነሳት አለበት፤ ያውም የሚያመው ቦታ ብቻ ሳይሆን መላው አከርካሪ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ነው። ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። እስከዚያው ጀርባቸውን ማንም እንዳያሻቸው፣ እንዳይጎትታቸውም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣ። በካንሰር የታከመ ሰው ሌሊት እየቀሰቀሰ የሚያመውን ሕመም ለ2 ወር በዲክሎፌናክ ማባበል መድኃኒት መስጠት ሳይሆን ምልክት መደበቅ ነው፤ ኩላሊታቸውንና ጨጓራቸውንም ይጎዳል። ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው አልልም፤ ያዘናጋችሁ ራጁ ነው። አጥንት ከያዘው ማዕድን እስከ ግማሽ የሚሆነውን እስኪያጣ ድረስ ራጅ ላይ ጉዳቱ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ የካንሰር ታሪክ ላለው ሰው ንጹሕ ራጅ ማስረጃ አይሆንም።

ናሙናን በተመለከተ፣ መርፌ የነካው ካንሰር ይባዛል የሚለውን ወሬ ይተዉት፤ በመርፌው መንገድ የካንሰር ሕዋስ መተላለፉ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ናሙናው የሚጠቅመው በሽታው በእርግጥ ያው ካንሰር መሆኑን ለማወቅና፣ ከ5 ዓመት በፊት የነበረው የሆርሞን ተቀባይ (ሆርሞን የሚጣበቅበት የካንሰሩ ሕዋስ ክፍል) ተለውጦ እንደሆነ ለማየት ነው፤ መድኃኒቱ በዚያ ይወሰናል።

ሕብለ ሰረሰሩ ተጨምቆ ከተገኘ እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታሶን ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜ በቀን 16 ሚሊግራም። እባክዎ ይህን አንብበው ከፋርማሲ እንዳይገዙላቸው። ቀጥሎ የጨረር ሕክምና ይመጣል፤ በአንድ ቀን ሊያልቅ ወይም ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ሕመሙ ግን እስኪቀልል ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል «አልሠራም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። አከርካሪው ካልጸና ወይም ጭመቃው በአንድ ቦታ ከሆነና አቅማቸው ከፈቀደ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ በ2005 በታተመ የ101 ሕመምተኞች ጥናት፣ ከጨረር በፊት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 84 በመቶ፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 57 በመቶ መራመድ ችለዋል። ካንሰሩን ራሱን የሚቆጣጠረው መድኃኒትና አጥንት የሚያጠነክረው መርፌ ከዚያ ይከተላሉ፤ መርፌው አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ስለሚጎዳ ከመርፌው በፊት ጥርሳቸው ይታይ።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ «ጀርባዋን ያማታል» ብለው አይጀምሩ፤ እንዲህ ካሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ ያስቀምጧችኋል። «በጡት ካንሰር ታክማ ነበር፤ ከሳምንት ወዲህ እግሯ እየደከመ ነው» ይበሉ፤ የቀድሞውን የናሙና ውጤትም ይዘው ይሂዱ።