ቤት የሚያክል ሰዓት፣ ሰዓት የሚጠይቁ አማት

ጤና ይስጥልኝ፣

የምጽፍልዎ ስለ አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰላም አጣሁበት።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤቴ ደስ ያለኝን ልግዛ አልኩ። የድሮ ፋብሪካ ዕቃ የሚመስል፣ ጥቁር ብረት፣ ጥርሳ ጥርሱ ፊት ለፊት የሚታይ፣ የሮማ ቁጥር ያለው ሰዓት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ከስልኬ ጋር አስተካክዬ ሳሎን ሰቀልኩት። የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ጓደኞቼ ፎቶ ይነሱበታል።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጠመዱት። «ወፍጮ ቤት አደረግሽው እኮ» አሉኝ። እንግዳ ባለበት «ይሄ ብረት ሰው ላይ እንዳይወድቅ» ይላሉ። ረከቦቱን ሳይቀር ከሥሩ አንስተው በሩ ጋ ወሰዱት። ባለቤቴ ዝም። እናቱ ናቸው፣ ይገባኛል። ግን ዝምታው ያማል።

እልሃቸው ደግሞ ሌላ ነው። ያን የሚያክል ሰዓት ፊታቸው ተሰቅሎ ትንሿን ልጄን «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላሉ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሆን ማንንም አይጠይቁም፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን እንኳ ሁለቴ አሳልፈውታል። ማንበብ የማይችሉ ቢሆኑ እሺ። በየጠዋቱ ዳዊታቸውን የሚደግሙ ሴት ናቸው። የድሮዋን የፕላስቲክ ሰዓት ለሠራተኛችን ስለሰጠሁባቸው የሚቀጡኝ ይመስለኛል።

ላውርደው ብዬ አስቤ ነበር። ግን ዛሬ ሰዓት፣ ነገ መጋረጃ ይሆናል። የባለቤቴ እህት አዘዞ ሰፊ ቤት አላት። እማማ ለጥቂት ጊዜ እሷ ጋ ይሁኑ ብዬ ብነግረው ክፉ ምራት እባላለሁ?

የሰለቻት ምራት፣ ከጎንደር

*

እህቴ፣

አዎ፣ ትባያለሽ። ይህን ነገር ለባልሽ እንዳታነሺበት።

መድኃኒቱን በአንድ መስመር አለፍሽው። እኔ እዚያ ላይ ቀረሁ። የደም ግፊት ያለባቸው አሮጊት ለእልህ ብለው መድኃኒት አያሳልፉም። አማትሽ ሰዓቱን ማንበብ አይችሉም።

እስቲ በእሳቸው ዓይን እይው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው እንበል። ከስልክሽ ጋር ስላስተካከልሽው ትንሹ ቆጣሪ የሮማ ስምንት ላይ ነው። የሮማ ስምንት ማለት አንድ ባላና ሦስት እንጨት ነው። መጀመሪያ ያንን ስምንት ነው ማለት አለባቸው። ከዚያ ወደ ሁለት መመለስ አለባቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ጥቁሩን ቆጣሪ ከጥቁሩ ጥርስ መሀል በደከመ ዓይን ፈልገው ካገኙት ነው። ልጅ መጠየቅ ይቀላል። ልጅ ከሌለች ደግሞ ምራትን «አላየሁትም» ከማለት ዝም ማለት ይቀላል። አንቺ ዝምታቸውን እልህ አልሽው። ይህ ፍርድሽ አሳዝኖኛል።

ባልሽም አያመልጥም። እናቱ መድኃኒት ሲያሳልፉ ማየት የነበረበት እሱ ነው።

ሰዓትሽን አልጠላሁትም። የፋብሪካ ስልት ደስ ይለኛል። ኒውዮርክ ውስጥ ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎችንና መጋዘኖችን ሰዎች ቤት ሲያደርጓቸው ብረቱንና ጡቡን ሳይሸፍኑ ተዉት። ያልተለሰነ ግድግዳ እንደሚያምር የፋሲልን ግንብ ለሚያይ የጎንደር ሰው አልነግረውም። ነገር ግን የፋብሪካና የባቡር ጣቢያ ሰዓት ትልቅ የሆነው ሩቅ የቆመ ሠራተኛ እንዲያየው ነበር። ያንቺው መጠኑን ወርሶ ሥራውን ረስቷል።

ስለዚህ አታውርጂው፤ ሥራውን መልሺለት። መንገዱንም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ዳዊት ይደግማሉ አላልሽም? መዝሙሩ የሚቆጠረው በግዕዝ ነው፣ ከ፩ እስከ ፻፶። እኚህ ሴት ፮ን ከ፯ በጨረፍታ ይለያሉ። ሰዓቱን ብረት ቤት ውሰጂውና ከ፩ እስከ ፲፪ ከላሜራ ይቆረጥልሽ። በሮማዎቹ ቦታ ይበየድ። ከመበየዱ በፊት ከኋላ ባትሪ የምትገባባትን ትንሽ ሳጥን ያውጧት፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ጌጥ ነው፣ ቆጣሪውን የምታዞረው እሷ ናት። ቆጣሪዎቹን ነጭ ቀቢያቸው፣ ግን ስስ አድርገሽ፤ ቀለም ከበዛባቸው ይከብዷታል። ከዚያ በእኛ ሰዓት አስተካክይው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ፪ ላይ ይሁን። እንዲህ ያለ ሰዓት ጓደኞችሽ ቤት የለም።

«እንዳይወድቅ» ያሉትንም አትናቂ። ረከቦቱን ያነሱት ፈርተው ይሆናል። ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ልስን ላይ የተመታ ሚስማር ይህን ብረት አይሸከምም፤ ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልገሽ እዚያ ላይ ይታሰር። ብሎኬት ከሆነ በድሪል ይበሳና ፊሸር ይግባበት። አንድ ቦታ አይበቃም፣ ሁለት ቦታ ይያዝ።

ይህ ሁሉ ቀን ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ግን ቀን አይሰጥም። ዛሬውኑ ቁጥሯ ጎላ ያለ ትንሽ ሰዓት ገዝተሽ መኝታቸው አጠገብ አስቀምጪ። ሠራተኛዋ የወሰደችውን እንዳትነጥቂያት። ያለፋቸውንም መድኃኒት ለሐኪማቸው ንገሪ።

ብረት ቤት ስትሄጂ ደግሞ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ላሜራውን የሚቆርጠው ልጅ የ፯ን ወይም የ፲ን ቅርጽ ቢያበላሸው የሚያርሙት እሳቸው ናቸው።