ሌዘሩን ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን እዩት

እህቴ፣ የጠየቅሽው ይህን ነው፦ በሌሊት አየር ውስጥ ናይትሬት ራዲካልን፣ ያን ካገኘው ጋር ቶሎ የሚዋሃድ ጋዝ፣ በሌዘር ትለካላችሁ፤ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ልኬት መጠኑ ከሚታወቀው የሲሊንደር ጋዝ ጋር ይስማማል፤ ናይትሬቱ ግን ከጠበቃችሁት እጅግ ያነሰ ነው፤ ጠንከር ያለ ሌዘር እንግዛ ወይ?

አትግዙ። መሣሪያችሁ የሚለካው ብርሃኑ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሲመላለስ በምን ፍጥነት እንደሚከስም እንጂ ድምቀቱን አይደለም። 99.999 በመቶ የሚያንጸባርቁ መስታወቶች በ1 ሜትር ርቀት ቢገጠሙ፣ ብርሃኑ እስኪደክም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በሉት። ናይትሬቱን የሚለካው የ662 ናኖሜትሩ ቀይ ሌዘር ቢደምቅም ቢፈዝም መክሰሚያው ጊዜ ያው ነው።

የሚጠፋባችሁ ጋዙ ነው፤ ያውም ብርሃኑ ዘንድ ሳይደርስ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አየሩን ወደ መሣሪያው በሚያስገባው ቱቦ ውስጥ ጨዋ ነው፤ ናይትሬት ግን በቴፍሎን ግድግዳ እንኳ ይባክናል። የአንዱ ልክ መሆን ለሌላው ምስክር አይሆንም።

እኔ የተማርኩት ጀርመን ውስጥ ተራራ ላይ ሳድር ነው። ልኬቱ ከምሽት ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ፤ «የሌሊቱ ኬሚስትሪ ነው» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብቻ ብዬ፣ የአቧራ ማጣሪያውን ቀየርኩ። መስመሩ በአንድ ጊዜ ሽቅብ ዘለለ። የሻገተ እንጀራ የመሰለውን ማጣሪያ ይዤ ራሴን ታዘብኩት። ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ እቀይራለሁ።

ጄኔሬተር ካላችሁ ደግሞ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ጭሱ ውስጥ ያለው ናይትሪክ ኦክሳይድ ናይትሬትን በቅጽበት ይፈጀዋል፤ እኛው ራሳችን መሣሪያውን ዜሮ የምናደርገው (ናይትሬት በሌለበት ምን እንደሚያሳይ የምናየው) እሱን ጠብታ ያህል እየጨመርን አይደል?

ፍተሻው ቀላል ባይሆንም ግልጽ ነው። ናይትሬት በሲሊንደር አይቀመጥምና ሲሞቅ ናይትሬት የሚወጣውን ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድን አሙቃችሁ ፍጠሩት፤ ከቱቦው አፍ፣ ከማጣሪያው በፊት አስገቡት። ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ስትጨምሩ እያንዳንዱ ናይትሬት ሁለት ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ እሱን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በሚለካው የ405 ናኖሜትር ሌዘር ቁጠሩት። ጋዙን አንዴ ከአፉ፣ አንዴ ከማጣሪያው ኋላ እያስገባችሁ ብታነጻጽሩ፣ ልዩነቱ መንገድ ላይ የቀረው ነው።

ይህን ሁሉ አልፎ አሁንም ዝቅ ካለ መሣሪያውን እመኑት። ጣቢያችሁ ባሕር ዛፍ ወይም ጥድ መሀል ከሆነ፣ ዛፎቹ የሚተነፍሱት ተርፒን፣ ያ ሽታቸውን የሚሰጠው ተን፣ ናይትሬቱን አየር ላይ ሳለ ይበላዋል።